ምዕራፍ ስድስት፦ አንድ ዶሮ ለዐሥራ አምስት ሰው

ዶሮ ወጥ የሽንኩርት ወጥ ነው። በስሙ ዶሮ ይቅደም እንጂ ድስቱን የሚሞላውም፣ እንጀራውን የሚያርሰውም፣ እንግዳውን የሚያጠግበውም ሽንኩርቱ ነው። አንድ የሐበሻ ዶሮ ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎ፣ በየብልቱ ሲለያይ ሥጋው ከነአጥንቱ አንድ ኪሎ ከሞላ ገዢው ዕድለኛ ነው። አብሮት የሚቁላላው ቀይ ሽንኩርት ግን ሁለት ተኩል፣ ሦስት ኪሎ ይሆናል። ስለ በዓል ወጪ ስናወራ ሁልጊዜ የዶሮ ዋጋ ነው የሚነሣው፤ ድስቱን ገልጦ የሚያይ ሰው ግን ወሬውን ከሌላ ቦታ ይጀምራል።

አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል። አንገት፣ ክንፍ፣ እግር፣ መላላጫ፣ አቃፊ፣ ፈረሰኛ፣ መቋደሻ እየተባለ ጥንድ ጥንዱ ሲቆጠር 12 ይሞላል። ቁጥሩን ከ12ቱ ሐዋርያት ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው። እኔ ግን የበለጠ የሚገርመኝ የአሠራሩ ብልሃት ነው። አንድ ኪሎ የማይሞላ ሥጋ ለደርዘን ሰው ሲከፋፈል ማንም «ትንሽ ደረሰኝ» እንዳይል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ስምና ማዕረግ ተሰጥቶታል። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክብር እንግዳው፣ መላላጫው ለታላላቆች፣ ክንፉ ለልጆች ይወጣል። የደረሰው ሰው የሚቆጥረው የተሰጠውን ክብር ስለሆነ ግራሙን ረስቶታል። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይጨመራል። ይህ ሁሉ ሀብታም ቤት የተፈጠረ ማዕድ አይመስለኝም፤ ሥጋ በዓመት ጥቂት ቀን በሚታይበት አገር፣ ቤት ሙሉ ሰው አንድ ድስት ዙሪያ ለማስቀመጥ የተቀመረ ነው። የበዓል ማዕዳችን ገና ከጥንቱ የተሠራው እጥረትን አስቦ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ዛሬ በዓል ሲመጣ ደመወዝተኛው ለምን ይጨነቃል? አንዱ መልስ የታወቀ ነው፤ ኑሮ ተወዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በባንክ ቤት ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ መቶን ለማለፍ ጊዜ አልወሰደበትም፤ ከውጭ የሚገባው የምግብ ዘይትም ሌላውም አብሮ ተጓዘ። ሁለተኛው መልስ ግን እኛው ቤት ያለ ነው። በዶሮ ወጡ ላይ በግ፣ በበጉ ላይ ክትፎ፣ በክትፎው ላይ የቢራና የለስላሳ ሳጥን፣ በዚያ ላይ ኬክ ተደረበ። ዶሮው ራሱ ሁለትና ሦስት ሆነ። እጥረትን አስቦ የተሠራው ማዕድ በቁጥር ሲባዛ ብልሃቱ ይጠፋና ወጪው ብቻ ይቀራል።

በዚህ ምዕራፍ የዋጋ ዝርዝር አላስቀመጥኩም። የዛሬውን ዋጋ ብጽፍ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ያረጃል። መጠንና ጊዜ ግን አያረጁም።

የበዓል ገበያ የሚወደድበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ፋሲካን እንውሰድ። 55 ቀን ሙሉ አብዛኛው ምእመን ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ አይነካም፤ ከዚያ በአንድ ሌሊት ሁሉም እኩል ይፈታል። ሾላም ሳሪስም መርካቶም ዋዜማው ላይ የሚታየው ግፊያ የሚመጣው የሁለት ወር ፍላጎት በሁለት ቀን ስለሚታጨቅ ነው። ገናም ላይ እንዲሁ ነው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ሲጾም የከረመ ሰው ታኅሣሥ 28 ገበያ ይወጣል። ስለዚህ በጾሙ ውስጥ ሊገዛ የሚችለውን ነገር ለዋዜማ ማስተረፍ ራስን ለግፊያው መሸጥ ነው።

ቅቤን ደብረ ዘይት ሰሞን፣ ጾሙ እኩል ሲሆን፣ ገዝቶ ማንጠር ይቻላል። ሲነጠር ውሃው ተንኖ፣ የወተቱ ቅሬታ ተጣርቶ ስለሚወጣ እንዲበላሽ የሚያደርገው ነገር አብሮ ይወጣል፤ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ወራት ይቆያል። ጾመኛ ሆኖ ቅቤ ማንጠር ፈተና ነው የምትል ሴት ብዙ ሰምቻለሁ፤ ጣት አለመላስ ነው መፍትሔው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከጎረቤቱ ሁሉ ረክሶ የሚሸጥ ቅቤ ካገኙ ይጠርጥሩ። በበዓል ሰሞን ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤና በርበሬ መያዙ በየዓመቱ የሚሰማ ዜና ነው። ከሚያውቁት ሰው መግዛት ጥቂት ብር ቢያስጨምርም ያዋጣል።

እንቁላል ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢገዛ ከዋጋው ሌላ ጥቅም አለው። የሰነባበተ እንቁላል ሲቀቀል ቅርፊቱ በቀላሉ ይላቀቃል፤ የዕለቱ እንቁላል ግን ነጩን ይዞ ይቦጨቃል። ከተላጠ በኋላ ወጡ እንዲገባበት በቢላ ጫር ጫር የሚደረግ እንቁላል ገና ሲላጥ መቆራረስ የለበትም። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በርበሬ የዓመት ጉዳይ ነው። የማረቆና የአላባ በርበሬ ከጥቅምት በኋላ ባሉት ወራት ገበያውን ሲሞላው ገዝቶ፣ አስጥቶ፣ ደልዞ፣ አስፈጭቶ ያስቀመጠ ቤት ለፋሲካ በርበሬ ፍለጋ አይወጣም። ይህን የማይችል ከሦስት ጎረቤት ጋር ሆኖ ቢያስፈጭ የወፍጮውም የቅመሙም ድካም ይከፈላል። ቀይ ሽንኩርት ግን እንደ በዓሉ ይለያያል። በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርት በበጋ ይትረፈረፋል፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡና በሽታው ምርቱን ይቀንሱታል። በዚህ የተነሣ የፋሲካ ዶሮ ወጥ በሽንኩርት በኩል ዕድለኛ ነው፤ የእንቁጣጣሹ አይደለም። መስከረም አንድ ላይ እንግዳ የሚጠራ ሰው ብዙ ሽንኩርት የማይበላውን አልጫና ጥብስ ወደ ፊት ቢያመጣ፣ ዶሮ ወጡን ለገናና ለፋሲካ ቢያቆየው ማንም ወግ አፈረሰ አይለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቀኑን ራሱን ማንቀሳቀስ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በዓሉ ሰፊ ነው፤ ውድ የሚሆነው ዋዜማው ብቻ ነው። በሌሊቱ የጾም መፍቻ ላይ ቤተሰቡ ብቻ ተሰብስቦ አንድ ወጥ ይቅመስና ትልቁ ግብዣ ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን። በሳምንቱ የዶሮ ተራው ጸጥ ይላል፤ ሻጩም ያልተሸጡለትን ይዞ ወደ ቀድሞው ዋጋ ይወርዳል። እንግዶችም በፋሲካ ዕለት አራት ቤት ዞረው ጠግበው ከሚመጡ፣ በሳምንቱ ርቧቸው ቢመጡ ይሻላል። ለገና እንግዳ ሊጠራ ያሰበም እስከ ጥምቀት ባሉት 12 ቀናት ውስጥ ቦታ ያገኛል።

ስለ ጾም መፍቻው አንድ ነገር ልጨምር። 55 ቀን የጾመ ሆድ ዓይን የሚመኘውን ያህል አይችልም። አሮጊቶቹ አስቀድመው ተልባ የሚያጠጡት ለዚህ ነው። በሌሊት የሚቀርበው ምግብ በሙሉ ድስት መሆን አያስፈልገውም፤ አንድ ጭልፋ ወጥ፣ እንቁላል፣ አይብ ካለ በቂ ነው። በዚያ ሌሊት የሚተርፈውን ያየ ሰው አይከራከረኝም።

አሁን ወደ ዶሮዋ። ገበያ ላይ ዶሮ የሚሸጠው በመልኩ ነው። ቀይ አውራ፣ ገብስማ፣ ነጭ ይፈለጋል፤ ጥቁሩ ለበዓል ስለማይወደድ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ላባ ከተነጨ በኋላ ግን ቀይና ጥቁር የለም። ዋጋ የሚቀንስልዎ ከሆነና የቤትዎ ሽማግሌ ካልተቆጡ ጥቁሯን ይግዙ። ከመግዛትዎ በፊት ደረቷን በእጅዎ ይዳብሱ፤ የደረት አጥንቷ እንደ ቢላ ስለት ከወጣ ያለችው በላባ ነው። ሌላው አማራጭ እርባታ ቤቶች የሚያስወጧቸው ያረጁ እንቁላል ጣዮች ናቸው። አንዲት የእርባታ ዶሮ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት እንቁላሏ እየቀነሰ ስለሚሄድ ባለቤቱ ይሸጣታል። ሥጋዋ ጠንካራ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፤ ለጥብስ አትሆንም። ለዶሮ ወጥ ግን የሚፈለገው ይኸው ነው። በዝግታ ሲበስል ጅማቷ እየቀለጠ መረቁን ያወፍረዋል፤ ሥጋዋም ከአጥንቱ ሳይለይ ይለሰልሳል። በስድስትና በሰባት ሳምንት ለሥጋ የሚደርሰው የፈረንጅ ጫጩት ግን በወጥ ውስጥ ተፈረካክሶ 12 ብልቱን ፈልጎ ማግኘት ያቅታል።

የወጪው ሁሉ ቁልፍ ግን ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርት ከመቶ እጅ 89ኙ ውሃ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ውሃው በሙሉ ቢወጣ የሚተርፈው ሦስት መቶ ግራም ከምናምን ነው። ማቁላላት ማለት ይህን ውሃ በትዕግሥት ማስወጣት፣ የሽንኩርቱን ገላ ማላም፣ ስኳሩን ማጥቆር ነው። ብልኋ ሴት ዘይት ሳትጨምር በደረቅ ድስት፣ በለዘብታ እሳት የምትጀምረው በምክንያት ነው። ዘይት ቀድሞ ከገባ የሽንኩርቱ ዳር ዳር ውሃው ሳይወጣ ይጠበሳል፤ ልሞ አንድ አካል መሆን ይቀርና ቁርጥራጩ በወጡ ላይ ተንሳፎ ይታያል። ያን ጊዜ ወጡ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ወጥ ደግሞ በሥጋ ወይም በቅቤ ብዛት እንጂ አይድንም። እንግዲህ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ማማሰል ማለት ሁለተኛውን ዶሮ አለመግዛት ማለት ነው። በመፍጫ የተፈጨ ሽንኩርት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን ውሃውን አፍስሶ ስለሚገባ እስኪደርቅ የሚወስደው ጊዜ ያው ነው፤ ካልደረቀም ጥሬ ጥሬ ይላል። በእጅ አድቅቆ መክተፍን የሚያህል የለም፤ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ።

ሽንኩርቱ ሲልምና ሲጠቁር ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ ይገባል። በርበሬው እንዳያር ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ማብሰል፣ እንደገና ማድረቅ፣ እንደገና ጠብ ማድረግ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ይከተላሉ። እዚህ ላይ ቁሌቱ አልቋል፤ ቅቤ ገና አልነካውም። የእኔ ምክር ቅቤውን እዚህ አታስገቡ ነው። ብዙ ባለሙያዎች ከመነሻው ያስገቡታል፤ አልከራከራቸውም፤ ቅቤ የተረፈው ያድርገው። በንጥር ቅቤ ውስጥ ያለው የኮረሪማና የኮሰረት ሽታ ግን ሦስት ሰዓት እሳት ላይ ሲቆይ አብዛኛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ የሚሸተው ለጎረቤት ነው። ወጡ ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የገባ ሩብ ኪሎ ቅቤ፣ መጀመሪያ ከገባ ግማሽ ኪሎ ይልቅ ገበታው ላይ ይሸታል።

ቅቤ የሌለበት ቁሌት ሌላም በረከት አለው፤ የጾም ነው። በሰሙነ ሕማማት ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መብራት ባለበት ቀን፣ በአንድ ትልቅ ድስት የበዓሉን ቁሌት በሙሉ ሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ሁለት ጭልፋው ለምስር ወጥ ይሄዳል፤ ቀሪው ዶሮውን ይጠብቃል። የዋዜማ ዕለት መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ በሙሉ ከሰል ሲያራግብ እርስዎ የሚቀርዎ ዶሮውን መክተትና መከለሻ መነስነስ ብቻ ይሆናል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ቁሌቱን ከሁለት ቀን በላይ ባያሳድረው ይሻላል፤ እስከዚያውም ጠዋትና ማታ እያንተከተከ።

ለ15 ሰው፣ አራቱ ልጆች ናቸው እንበልና፣ ገበታውን በቁጥር እንየው። አንዲት ዶሮ። 15 እንቁላል። አራት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፤ ሦስቱ ለዶሮው፣ አንዱ ለምስሩ። ሦስት መቶ ግራም በርበሬ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ሩብ ኪሎ ንጥር ቅቤ። አንድ ኪሎ ምስር ክክ፣ አንድ ኪሎ አይብ፣ ሦስት እስር ጎመን። እንጀራ በሰው ሁለት ብለን 30፤ የሚተርፍ አለ፤ ትርፉም ሥራ አለው። ሁለት ኪሎ ዱቄት በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ። አይብና ጎመኑ እዚህ የገቡት ለማሟያ ብቻ አይደለም፤ የበርበሬውን ቃጠሎ ስለሚያበርዱ ሰው ብዙ እንጀራና ጥቂት ወጥ ይበላል። ምስሩ ደግሞ የጤና ነገር ሆኖ ሥጋ የማይበሉትን፣ ክርስቲያን ቤት የመጡ ሙስሊም ጎረቤቶችንም ያስተናግዳል፤ በእርድ ምክንያት ሥጋችንን የማይበላ ሰው ዳቦ ብቻ ነክሶ መሄድ የለበትም።

ዶሮ ያልበቃው፣ ሥጋ ካላዩ እንግዳ አልጠራንም የሚል ቤተሰብ ቅርጫ አለለት። በሬ በጋራ ተገዝቶ፣ ታርዶ፣ በመደብ በመደብ ይከፈላል። ከሻኛው፣ ከሽንጡ፣ ከዳቢቱ፣ ከጎድኑ፣ ከፍሪምባው፣ ከጉበቱም ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው ያለ ነገር አይደለም፤ መዳቢው የትኛው የማን እንደሚሆን ስለማያውቅ ሁሉንም እኩል ለማድረግ ይገደዳል። የአገራችን በሬ ሥጋው ከነአጥንቱ አንድ መቶ ኪሎ አካባቢ ስለሚሆን ዐሥር ሰው ቢገባበት ለሰው ዐሥር ኪሎ ገደማ ነው። ከሥጋ ቤት የሚረክሰው የሉካንዳው ኪራይና ትርፍ ስለሌለበት ነው፤ የሚያስከፍለው ደግሞ አጥንቱንም ጨጓራውንም አብሮ ስለሚያሸክም ነው። ጨጓራ ማጠብ የሚችል ሰው በሌለበት ቤት ቅርጫ ርካሽ አይደለም። ቀድሞ ቆዳው ተሸጦ የአራጁን ዋጋ ይችል ነበር፤ ዛሬ የቆዳ ዋጋ ስለወደቀ ያ ድጎማ ቀርቷል፤ ሒሳብ ሲሠራ አይታሰብ። አራትና አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ ግማሽ መደብ ይበቃል፤ ከተረፈም ቋንጣ ይሰቀላል።

ቅርጫ የሚከብደው ገንዘቡ በአንድ ቀን ስለሚጠየቅ ነው። ለዚህ ነው በየመሥሪያ ቤቱ የበሬ ዕቁብ የሚጣለው፤ ከየወሩ ደመወዝ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ በዋዜማው ገንዘቡ ተሟልቶ ይጠብቃል። ሙስሊሞቹ ወንድሞቻችን ለዒድ አልአድሃ ያላቸው ሥርዓት ከዚህ አይርቅም። አንድ ከብት ለሰባት ሰው ኡድሒያ ይሆናል፤ ከሥጋውም ለቤት፣ ለዘመድና ለድሀ ማካፈል ተለምዷል። ብቻን በግ መግዛት ያቃተው ሰው ከስድስት ሰው ጋር ሆኖ ከብት ያርዳል። ብልሃቱ ሁለቱም ዘንድ ያው ነው፤ ትልቁን በጋራ መግዛት ትንሹን ለብቻ ከመግዛት ይረክሳል።

መጠጡ ላይ ብዙ ቤት ይሸነፋል። አንድ ሳጥን ቢራና አንድ ሳጥን ለስላሳ ሲደመሩ ብዙ ጊዜ ዶሮዋን ይበልጧታል፤ ነገር ግን ስለ ዶሮዋ የሚያማርር እንጂ ስለ ሳጥኑ የሚያማርር አልሰማሁም። ጠላ ገብስ፣ ብቅልና ጌሾ ነው፤ ሁለት ሳምንት ጊዜና አንድ ጋን ይጠይቃል። ከጥንስሱ ጀምሮ እስከ ድፍድፉ ያለው ሥራ ከባድ ቢመስልም አብዛኛውን የሚሠራው ጋኑ ራሱ ነው። ከዋናው ጠላ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል፤ ሳይሰክሩ መጨዋወት ለሚፈልጉ ይኸው ነው። ለልጆች ብርዝ አለ። ለስላሳ ለመጣ ሰው ሁሉ መክፈት ግዴታ የሆነው መቼ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

አሁን አስቸጋሪው ነገር፤ ይሉኝታ። በእኛ አገር እንግዳን «ይዘህ ና» ማለት ነውር ነው። እንግዳው ግን ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የለስላሳ ሳጥን ይዞ ይመጣል፤ የሚያሳዝነው የሚያመጣው ቤቱ የማያስፈልገውን መሆኑ ነው። ይህን የሚያስተካክለው ሥራውን ለሥጋ ዘመድ አስቀድሞ በሙያ መከፋፈል ነው። ታናሽ እኅት ታላቋን ስታዋይ እንዲህ ትላለች፦

«እትዬ፣ ዘንድሮ ጠላው የእርስዎ ይሁንልን። ከእርስዎ እጅ ሌላ ማን ያምርበታል?»

«እኔ ከጠመቅኩ አንቺም ዶሮሽን ሁለት እንዳታደርጊ። አንዱ ይበቃናል።»

ልመና የለበትም፤ ሙያ ማክበር ነው። ድፎ ዳቦው ለአክስት፣ ቡናውና ፈንዲሻው ለትንሿ፣ አይብና ጎመኑ ከገጠር ለሚመጣው ወንድም ሲመደብ ባለቤቷ ላይ የሚቀረው ድስቱ ነው። የጽዋ ማኅበርተኞች በየወሩ ተራ እየገቡ ሲደግሱ የሚኖሩት በዚሁ ሕግ ነው፤ ማንም ሁለት ወር አከታትሎ አይደግስም።

ቤት ጠባብ ነው፣ ወንበር የለኝም የሚል ሰው ደግሞ ዕቃ ከመከራየቱ በፊት በዙር ያብላ። አፄ ምኒልክ እንኳ ሺዎችን በሚያበሉበት የግብር አዳራሽ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አላስገቡም፤ መኳንንቱ ቀድሞ፣ ሠራዊቱ በተራው ይገባ ነበር። አንድ መሶብ፣ ሁለት ዙር፤ ሽማግሌዎችና ልጆች ቀድመው፣ ጎልማሶቹ በኋላ። በዙር ሲበላ ባለቤቷ ከመጀመሪያው ዙር ያየችውን ሚዛን ለሁለተኛው ታስተካክላለች። ሳይጠራ የሚመጣውም እንግዳ፣ በበዓል ቀን የማይቀር ነውና፣ ሁለተኛው ዙር ውስጥ ይገባል።

ከአገር ውጭ ሒሳቡ ይገለበጣል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሰው ሽንኩርት በዐሥር ፓውንድ ከረጢት ርካሽ ያገኛል፤ የዶሮ ታፋና እግርም ከደረቱ በጣም ይረክሳል፤ ለወጥ ደግሞ የሚሻለው ታፋው ነው። የሚወደደው እንጀራው ነው፣ ከአገር ቤት የሚላክ በርበሬና ቅቤም እንደ ወርቅ ይታያል። ሌላው የሚታጣው ጊዜ ነው፤ ገናና እንቁጣጣሽ የሥራ ቀን ላይ ሲውሉ ግብዣው ወደ ቅዳሜና እሑድ ይሸጋገራል። ቁሌት አስቀድሞ ሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ እዚያ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይጠቅማል። አገር ቤት የማይባለው «ይዘህ ና» እዚያ ከተለመደ ቆይቷል፤ ማን ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ካልተነጋገሩ ግን አምስት ሰው አምስት ጎድጓዳ ሳህን ሰላጣ ይዞ ይመጣል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ዱቤ። ለበዓል ከሰፈር ሱቅ በዱቤ የወሰደ ሰው የሚከፍለው የበዓሉን ዋጋ ነው፤ ያውም ዋጋው ከወረደ በኋላ። መበደር ግድ ከሆነ ዘይትና ዱቄት በዱቤ ይውሰዱ፤ ዋዜማ ላይ የሚንረውን ዶሮና ቅቤ ግን ቀደም ብለው በጥሬ ገንዘብ ይግዙ፤ ሳይሟላ የቀረውንም ይተዉት። የሸማቾች ማኅበር ሱቆችና የእሁድ ገበያዎች ለደረቁ ዕቃ ይጠቅማሉ፤ ለዶሮ ከእነሱ ብዙ አይጠብቁ።

ዶሮ ወጥ በማግሥቱ ይጣፍጣል፤ ቅመሙ በሌሊት ወደ ሥጋው ስለሚገባ ነው። 15 ሰው የበላበት ድስት ውስጥ ግን በማግሥቱ ያለው ሥጋ ሳይሆን ሥጋ የነካው ቁሌት ነው። እሱን ከተረፈው እንጀራ ጋር መፈርፈር የሰኞ ቁርስ ነው፤ አንድ ሁለት እንቁላል ከተረፈ ይቆራረስበታል። ከዚያም የቀረ እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሁን፤ በሽሮ ቀን ይፈለጋል። ማክሰኞ ደግሞ ሽሮ ነው።